ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፦ ለራበው የሚያምረውን ማውራት

ሀዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ፣ አበዳሪ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይመጣል። ባለሱቁ ትከሻውን መታ አድርጎ «ዓርብ ሙሉውን እሰጥሃለሁ፣ ወንድሜ ሙት!» ይለዋል። ዓርብ ሰባራ ሳንቲም እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ። አበዳሪው «እሺ» ብሎ ይሄድና መንገዱን ሲሻገር ለጓደኛው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ!» ይለዋል። አባባሉ በትክክለኛ ቦታው ገባ ማለት ይህ ነው።

ቃላቱ አራት ብቻ ናቸው፣ ማሰሪያ ግሥም የላቸውም። «ሲያውቅ» እዚህ ጊዜን አይናገርም፤ «እያወቀ» ማለት ነው። «ዶሮ ማታ» ደግሞ ከሰው አፍ ተቆርጦ የመጣ ንግግር ነው፦ «ማታ ዶሮ አለ፣ ትበላለህ» ከሚለው ተስፋ። ሲሞላ፣ ሆድ ምንም እንደሌለ እያወቀ አፍ «ማታ ዶሮ አለ» ይላል ነው። ሆዱ የማን ነው ብትሉ የሁለቱም ነው። ውሸቱ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ያውቃል፤ ውሸቱን የሚናገረውም ሰው ያውቃል፣ ምክንያቱም በአማርኛ ሆድ የምስጢርም ማደሪያ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ለዚህ ነው።

ግን ለምን ዶሮ? ለምን ሽሮ ማታ አልተባለም? መልሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ሽሮ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፣ ስለዚህ ማታ ሽሮ አለ ቢባል እስከ ማታ ድረስ ውሸትነቱ አይታወቅም። ዶሮ ወጥ ግን ቀን ሙሉ ይሠራል። ዶሮው ይታረዳል፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፣ ይለበለባል፣ ከፈረሰኛው እስከ አንገቱ በ12 ብልት ይወጣል፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉበት፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቁላላል፤ በርበሬው ከገባም በኋላ እንደገና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የቸኮለ ሰው ወጡ ይለያይበታል፤ ውሃው ከላይ፣ ሽንኩርቱ ከታች ይቀራል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ እንዲቀርብ ሽንኩርቱ ቢዘገይ በ8 ሰዓት እሳት ላይ መሆን አለበት።

እንግዲህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከጓዳ የሽንኩርት ሽታ ካልመጣ፣ ማታ ዶሮ የለም። ሆድ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሀዋሳ ላይ «ዓሣ ማታ» ቢባል አባባሉ ኃይሉን ያጣ ነበር፤ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ዘይቱ ከጋለ ወዲያው ተጠብሶ ይቀርባል፣ ለማታ የሚሆነው አመሻሽ ላይም ይገዛል። ዶሮ ብቻ ነው አስቀድሞ ምስክር የሚያቆመው።

ሌላም አለ፣ ይኼኛው ይበልጥ ልብ ይነካል። የራበው ልጅ የሚፈልገው ማንኛውንም እህል ነው፤ ዶሮ ግን የሚያምረው ነገር ነው። ረሀቡን ማስታገስ ያልቻለ ቤት አምሮቱን ያነሳሳበታል። አማርኛ «ራበኝ»ን እና «አማረኝ»ን ለይቶ የያዘ ቋንቋ በመሆኑ ይህን ማታለል ጥርት አድርጎ ማሳየት ይችላል።

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች አባባሉን ለመተርጎም ሲሞክሩ የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። «ራበኝ» ስንል ረሀቡ በእኛ ላይ ይደርሳል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆንና «አይ አም ሀንግሪ» ይላል። «አይ አም ሀንገር» ስህተት ነው፣ «ሀንገር» ረሀብ የሚለው ስም ነውና። «ሀ»ን ውጦ «አንግሪ» ያለ ደግሞ ተቆጥቻለሁ ማለቱ ነው። «ሀንግሪ» ላይ «ፎር» ሲጨመር ከምግብ አልፎ ለእውቀት፣ ለድል መጓጓትንም ይይዛል። ለ«አማረኝ» የሚቀርበው «ክሬቭ» ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ይገባኛል ብሎ መጠየቅ ማለት ነበር። ግሡ «ፎር» አይፈልግም፤ ስሙ «ክሬቪንግ» ግን ይፈልጋል። አባባሉን ራሱን ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ «እውነቱን እያወቁ ማስመሰል» የሚለውን ሐሳብ መተርጎም ይሻላል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን መያዝ አለብን፦ እውቀት ከሌለ አባባሉ አይገባም። ሰውየው ከልቡ አስቦ ቃል ገብቶ ሳይሳካለት ከቀረ፣ ይህን መጥቀስ ግፍ ነው። በእጅ የሌለ ሀብት ተስፋ ለሚያደርግ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለለት። ለእውነተኛ የዶሮ ግብዣም አይሆንም፤ ደስ ብሎት የጋበዘን ሰው ባዶ እጅህን ነው የጠራኸኝ እንደማለት ነው።

ፊት ለፊት ለታላቅ ሰውም አይነገርም። «ጋሼ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ማለት ዋሹ ብሎ መናገር ነው። መጨረሻው ላይ «አሉ» የሚጨመረው ንግግሩን ወደ አበው ለማዞርና ስድቡን ለማለዘብ ነው፤ እሱም ቢሆን ለእኩያ እንጂ ለታላቅ አይበቃም። ለታላቅ «ጋሼ፣ ካልሞላልዎት ይንገሩኝ፣ እኔም ሌላ መላ ልፈልግ» ቢባል ያው ሐሳብ ነው፣ በክብር።