የጃፓን ፊልም ፖስተር ሰብሳቢዎች «ቢ2» የሚሉት ምንድን ነው?

ቢ2 በጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ 515 በ728 ሚሊሜትር የሆነ የወረቀት ልክ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች ይለጠፍ የነበረው የተለመደው የፊልም ፖስተር የሚታተመው በዚሁ ልክ ነው። ዓለም አቀፉ ቢ2 500 በ707 ስለሆነ፣ በአውሮፓ ልክ የተሠራ ፍሬም የገዛ ሰው ጠርዙን ወደ ማጠፍ ወይም ወደ መቁረጥ ይሄዳል። ሁለት ቢ2 ከላይና ከታች ሲገጠሙ «ታተካን»፣ ለተመልካች የሚታደለው ትንሹ ቢ5 ደግሞ «ቺራሺ» ይባላል።

ጠርዙን መቁረጥ በተለይ በጦርነት ፊልም ፖስተር ላይ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዕድሜውን የሚመሰክሩት ደቃቅ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛሉና። ፖስተሩ ባብዛኛው ፊልሙ የሚታይበትን ወርና ቀን እንጂ ዓመቱን አይናገርም። ዓመት ከተጻፈም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊሆን ስለሚችል፣ ለምሳሌ ሾዋ 17 የሚል ቢገኝ 1925 ተደምሮበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1942 ይሆናል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዘመን እየደመረና እየቀነሰ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ዓመት ከሌለ ፊልሙን ያወጣው ድርጅት ስም ይመረመራል። ሺንቶሆ ከ1947 እስከ 1961 ብቻ ስለሠራ፣ በ1957 ያወጣው የአፄ ሜይጂና የሩሲያ ጃፓን ጦርነት ፊልም የመጀመሪያ ፖስተር ከዚህ ገደብ አይወጣም። ዳይኤ ደግሞ በ1942 ተመሥርቶ በ1971 ከስሯል። በአግድም የተጻፈ ርዕስ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ከሆነ ፖስተሩ ከ1945 በፊት የታተመ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ርዕስ ግን በሁለቱም ዘመን ስለሚገኝ ምስክርነቱ ደካማ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚታመነው ኤይሪን የተባለው የፊልም መርማሪ አካል ምልክት ነው። ኤይሪን የተቋቋመው በ1949 ነው። ቶሆ በ1942 ስለ ሐዋይና ማላያ የባሕር ውጊያ ላወጣው ፊልም የቀረበ ፖስተር ይህን ምልክት ይዞ ከተገኘ፣ ሻጩ ምንም ቢል ወረቀቱ የጦርነቱ ዘመን ሳይሆን ለዳግም ዕይታ የታተመ ነው፤ ዋጋውም በዚያው መጠን መውረድ አለበት። የጦርነቱ ዘመን ፖስተር ብርቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ በዘመኑ ወረቀት እጥረት ነበረው፤ አሜሪካውያን ከገቡም በኋላ በ1945 መጨረሻ ከ200 በላይ ፊልሞች ጦረኝነትን ይሰብካሉ ተብለው ታግደዋል። ስለዚህ ገዢ ከምስሉ ፎቶ በፊት የታችኛውን ጠርዝና የጀርባውን ፎቶ ቢጠይቅ ይበጀዋል።