ሕፃኑን ከመካከል አታውጡት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሐምሌ 19 እልልታ ገና ከጆሯችን አልወጣም። ግቢ ገብርኤል ያስቀደሰውም፣ ቂርቆስ ደጅ ዝናብ ላይ የቆመውም አንድ ሥዕል ተሳልሞ ተመልሷል። ከሥሩ እሳት የሚነድበት ጋን፣ ጋኑ ውስጥ ቅድስት ኢየሉጣ፣ ከጎኗ ቁመቱ ከወገቧ የማያልፍ ልጅ፣ ከላይ ክንፉን የዘረጋ መልአክ። ልጁ ቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት። የሚፈላው ውኃ ድምፅ ያስደነገጠው እናቲቱን ነበር፤ ጸልዮ ያጸናት ሕፃኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሕፃን ስም ታቦት ቀርጻለች፤ ከከተማችን ክፍለ ከተሞችም አንዱ በእርሱ ይጠራል።

ያንን ሥዕል የሳመ ከንፈር በማግስቱ ኮሪደር ላይ ኳስ ያንከባለለን የአራት ዓመት ልጅ «ዱርዬ!» ይለዋል። ጧፍ የያዘች እጅ ጆሮውን ትጠመዝዛለች። እናት ትወጣለች፣ ደረጃው ላይ ጩኸት ይነሣል፣ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በር ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቤት ሰላምታ ያቋርጣል፤ አብረው የሚጠጡት ጽዋ እንኳ አንዷ ከመጣች ሌላዋ የምትቀርበት ይሆናል።

ክረምቱ የራሱ ድርሻ አለው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ልጆቹን ከሜዳ ወደ ኮሪደር አስገብቷቸዋል፣ የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ በዚያ ላይ በጭቃ እጅ ሲነካ የማን ትዕግሥት ይበቃል? ይህ የሚገባን ነገር ነው። ሌላም አለ። «ልጅ የጋራ ነው» የሚለው የቆየው ወጋችን የሠራው የቆነጠጠችው እጅ ማታ ታጎርሰው ስለ ነበር ነው። እናቱ ስትወልድ ገንፎ ያገነፋች፣ ክርስትና ሲነሣ አብራ ያደረች ሴት ብትቆጣው ልጁ የሚያውቀው ድምፅ ነው። አሁን ግን የፒያሳና የካዛንቺስ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ሰው ተበትኗል፤ በር ለበር የምንኖረው ስማችንን እንኳ በቅጡ ሳንተዋወቅ ነው። ማጉረሱ ቀርቶ መቆንጠጡ ብቻ ከተረፈ ያ የአያቶቻችን ወግ አይደለም።

ወደ ቃሉ እንምጣ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ን ጠብ ሲነሣ የምንጠቅሰው ሁልጊዜ ከቁጥር 15 ጀምረን ነው፤ «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው።» ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። ሽማግሌዎቻችን ይህን በቃል ያውቁታል። ነገር ግን ምዕራፉ የሚጀምረው ከዚያ አይደለም። ቁጥር 2 «ሕፃንም ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ» ይላል። ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢሰጥም ይሻለው ነበር የተባለው የወፍጮ ድንጋይ የመጣው ስለዚህ ሕፃን ነው። «ከነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን እንዳትንቁ ተጠንቀቁ፤ መላእክቶቻቸው በሰማያት ዘወትር በሰማያት ያለውን የአባቴን ፊት ያያሉ» የተባለውም ስለ ታናናሾቹ ነው። ከወቀሳው ቁጥር ወዲያው በፊት ያለው ቁጥር 14 ደግሞ ከታናናሾቹ አንዱ እንዲጠፋ የአባታችሁ ፈቃድ አይደለም የሚል ነው። እንግዲህ ጌታ ወንድምን ስለ መውቀስ ያስተማረው ሕፃን መካከል አቁሞ ነው። ሕፃኑ ከዚያ ወጣ የሚል ቃል ምዕራፉ ውስጥ የለም። እኛ ግን ለእርቅ ስንቀመጥ አስቀድመን የምንለው «ልጁን ወደ ውጭ አውጡት» ነው፤ ከክፍሉ ብቻ ሳይሆን ከነገሩም እናስወጣዋለን። የሁለት ሴቶች ክብር፣ የሁለት ባሎች እልህ ይታረቅና የልጁ ጆሮ ይረሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የጎረቤት በር ሳይሆን ልጁ ነው። ብርሃን ያለበት ቦታ ልብሱን አውልቃችሁ እዩት። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉልበቱና ቅልጥሙ ቢበልዝ ሮጦ መውደቁ ነው፤ ጆሮው፣ አንገቱ፣ ደረቱ ወይም ጀርባው ከበለዘ ግን ብዙ ጊዜ መውደቅ አያደርገውም። እጁን ተይዞ በድንገት የተጎተተ ትንሽ ልጅ ክርኑ ላይ ያለው አጥንት ከያዘው ጅማት ሊሾልክ ይችላል። ስለማያብጥ «ምንም አልሆነ» ይባላል። ልጁ ግን ክንዱን በትንሹ አጥፎ ከሰውነቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ዳቦ ብትዘረጉለት በሌላው እጁ ይቀበላል። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ የሚያውቅ ባለሙያ በአፍታ ይመልሰዋል። ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ግን ስብራት ካለ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ጆሮው ላይ በጥፊ የተመታ ልጅ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላልና ደም ወይም ፈሳሽ ካያችሁ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ጸበሉን ይጠጣ፤ የቆሰለ ጆሮ ውስጥ ግን አታፍስሱት። ከሁለት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ይዞ መነቅነቅ ደግሞ ከውጭ ምንም ሳይታይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ያለ ሰዓቱ ከደነዘዘና ከተኛ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ነገሩ የጎረቤት ጠብ መሆኑ አብቅቷል፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ስትጠይቁት «ምን ሆነ?» በሉት፣ አንድ ጊዜ። «እሷ ናት አይደል የመታችህ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ የአራት ዓመት ልጅ እናቱ መስማት የፈለገችውን ይነግራታል፤ ቡና ላይ በየጎረቤቱ ፊት «እስኪ ንገራቸው» እየተባለ በደገመው ቁጥርም ያየውና የተነገረው ይቀላቀልበታል። ያለውን ቃል እንዳለ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ምልክት ካለ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ለሐኪም ነው፤ ካስፈለገም ለፖሊስ። ለቲክቶክ አይደለም።

«በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ጠቅሶ በዚያችው ምሽት በር የሚደበድብ አባት አለ። ሐዋርያው ያለው ቁጣው ውስጣችሁ አይደር ነው፤ ክርክሩን ከመምሸቱ በፊት ጨርሱ አላለም። ልጁ ደህና ከሆነ አንድ ሌሊት ምንም አይጎዳም። ጸልያችሁ እደሩ።

በማግስቱ አንድ ሰው ይሂድ፤ ብቻውን፣ ልጁን ሳይዝ። ደረጃ ላይ አትነጋገሩ፣ ድምፁ ፎቅ ሙሉ ያዳርሳል፤ ሰው የሰማባት ሴት ደግሞ ጥፋቷን ከማመን ይልቅ ክብሯን ታድናለች። ቡና የተፈላበት ሰዓትም አይሆንም፣ ልጆቿ ባሉበትም አይሆንም። በራቸውን አንኳኩታችሁ «ትንሽ ጊዜ ይኖርዎታል?» በሉ። አነጋገሩ ቢያንስ ይህን ይምሰል፦ «እትዬ፣ ትናንት ልጁ በርዎን በኳስ ሲመታ ረብሾዎታል፤ ስለዚያ ይቅርታ፣ የተበላሸ ካለ እከፍላለሁ። ጆሮውን እንደ ያዙት ነግሮኛል። እስኪ ከእርስዎ ልስማ።» ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። ዝም ማለቱ ከሁሉ ይከብዳል፤ አብዛኛው ጠብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ወሰኑን አስቀምጡ፦ «ሲያጠፋ ይጥሩኝ፤ እኔ እመጣለሁ። እጅዎን ግን አያንሡበት።» ይኸው ነው። የኳሱ ዕዳ የኳሱ ነው፣ የጆሮውም የጆሮው። «እሱም አጥፍቷል» ተብሎ አንዱ በሌላው አይጣፋም።

ወቀሳ ከክስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሚወቅስ ሰው ወንድሙን ሊያተርፍ ይሄዳል፤ የሚከስ ሊረታ።

ባይሰሙ፣ ሁለት ወይም ሦስት። ያየ ሰው ካለ እርሱ ይቅደም፤ ቀጥሎ ሁለቱም ቤት የሚያከብሩት፣ ቢቻል የነፍስ አባት ወይም ከእድሩ አንድ ትልቅ ሰው። የእናንተን እህት ይዛችሁ አትሂዱ። «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት» የተባለውም የብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ማለት አይደለም! ስንቱ ምእመን ሦስተኛውን ደረጃ መጀመሪያ አድርጎ ከእንቅልፉ እንደ ተነሣ የድምፅ መልእክት ይለቅበታል።

ሽምግልናችን ራሱ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ይቸኩላል። «በሉ ስለ እግዚአብሔር ተውት» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ቡና ይፈላል፣ የተደረገው ነገር በስሙ ሳይጠራ ይበተናል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደረጃ ላይ ያችኑ ሴት ሲያይ ሱሪው ላይ ይሸናል። እርቁ የማን እንደ ነበር ያን ጊዜ ይታወቃል። ሽማግሌ ሆይ፣ ሳይነገር አታስነሣቸው፤ ምን እንደ ተደረገ ያደረገችው ትበለው፣ ሁለተኛ እንደማይደረግም ቃሏን ትስጥ።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ለሽማግሌ አይቀርብም። ልጁ ከቆሰለ፣ ድብደባው ከተደጋገመ፣ ወይም ነውር ያለበት ነገር ከተጠረጠረ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳችሁ የሕክምና ማስረጃ ያዙ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ። አሁኑኑ አደጋ ካለ 991 ደውሉ። ግድግዳው ማዶ የምትሰሙት ልቅሶ የጎረቤታችሁ የገዛ ልጅ ወይም ከገጠር የመጣች የእህት ልጅ ቢሆንም ያው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃንን በኃላፊነቱ ሥር ይዞ የሚያንገላታና የሚደበድብን ይቀጣል። «የሰው ቤት ነገር ነው» ብሎ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ከዚያ የወፍጮ ድንጋይ አያስጥልም። ንስሐውም የነፍስ ነው፤ ቀኖና ተቀብያለሁ ብሎ ከሕግ ፊት የሚሸሸውን ሰው የነፍስ አባቱ እጁን ይዞ ሊያቀርበው ይገባል።

እናት ሆይ፣ ለአንቺም ወቀሳ አለኝ። የጎረቤት አቤቱታ በመጣ ጊዜ ልጅሽን በሩ ላይ አውጥተሽ፣ እያዩሽ፣ «ይኸው መታሁት፣ ደስ ይበላችሁ» የምትዪው ለማን ነው? የገዛ ልጅሽን ለሰው እልህ መሥዋዕት አቀረብሽ። ሐዋርያው ለቆላስይስ ሰዎች «ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩአቸው» ብሎ ጽፏል። የዛለ ልብ ምን እንደሚመስል ለማየት እንዲህ የተመታን ልጅ ዓይን ማየት ይበቃል፤ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ጫማውን ያያል።

እጃችሁን ያነሣችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል» የሚለውን አትጥቀሱልን፤ ምሳሌው «ልጁን» ነው ያለው፣ የጎረቤቱን አላለም፤ ደግሞም የሚያበቃው «ተግቶ ይገሥጸዋል» ብሎ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። የፍልሰታ ጾም ሕፃናቱ ሳይቀሩ የሚጾሙትና የሚቆርቡት ነው፤ ያ ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ ከእናቱ ጋር ከፊታችሁ ይቆማል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ወደማን ልትዞሩ ነው? ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ያለው ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ካለው ብሎ ነው። የአራት ዓመት ልጅም ሊኖረው ይችላል።

ለነፍስ አባታችሁ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ልጁ ሂዱ፣ እናቱ ባለችበት። ቁጢጥ በሉ፣ ዓይኑ ከዓይናችሁ ይስተካከል። «ያን ቀን ጆሮህን ቆንጥጬሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛ አላደርገውም።» ከዚህ አይርዘም፤ «ግን አንተም» የሚለው ከገባበት ይቅርታው ፈርሷል። ከረሜላ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጉቦ ይሆናል። እናቱም «ሂድ ሳማቸው» ብላ አትግፋው። ከነጠላዋ ጀርባ ቢሸሸግ ይሸሸግ፣ አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ቢሆን በራሱ ጊዜ ይወጣል። ኳሱን ቀምታችሁት ከሆነ ደግሞ መልሱለት።