የፕራይመሪ እጩ እንዴት ይመዘናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ዴሞክራትና ሪፐብሊካን ኖቬምበር ላይ ከመፋጠጣቸው በፊት፣ ሁለቱም በየስቴቱ ምርጫ አካሂደው ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው ይለያሉ። ፕራይመሪ የሚባለው ይሄ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ወቅቱ በመጣ ቁጥር ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ አይዋጡልኝም።

«የፓርቲ አባል አይደለሁም፣ አይመለከተኝም»

እንደምትኖሩበት ስቴት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። በዕለቱ ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት ትጠይቃላችሁ፣ አለቀ። ኖቬምበር ላይ ለሌላው ብትሰጡም ጠያቂ የለባችሁም። ሜሪላንድ ላይ ግን አስቀድማችሁ በዚያ ፓርቲ ስም መመዝገብ አለባችሁ። (ዜግነት የትም ግድ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም።)

«የምወደውን ሳይሆን የሚያሸንፈውን ነው የምመርጠው»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ማን እንደሚያሸንፍ በምን ይታወቃል? ከ2008ቱ ምርጫ በፊት፣ 2007ን አብዛኛውን ጊዜ በሕዝብ አስተያየት ሲመሩ የከረሙት ከዴሞክራት ሂላሪ ክሊንተን፣ ከሪፐብሊካን ሩዲ ጁሊያኒ ነበሩ። እጩ የሆኑት ደግሞ ኦባማና ማኬይን። በ2016 ትራምፕን «የማይሆን ነገር» ብሎ የሳቀ ተንታኝ ስንት ነው? እነሱ ያልቻሉትን ለመገመት እኔ ምን ቤት ነኝ! ጎረቤቴ ማንን ይመርጥ ይሆን እያልኩ የራሴን ድምፅ ለጎረቤቴ አልሰጥም። የማሸነፉ ስሌት ለኖቬምበር ይቆየኝ።

«ክርክሩን ካየሁ ይበቃኛል»

ክርክር የሚያሳየው ምላስን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ሥራቸውን ነው። ሴናተር የነበረ ሰው የሰጠው ድምፅ በሴኔቱ ድረ ገጽ ላይ በስም ተዘርዝሮ ተቀምጧል። ኦክቶበር 11 ቀን 2002 በኢራቅ ላይ ጦር ለማዝመት ፈቃድ የሰጠው ውሳኔ 77 ለ23 አለፈ። ክሊንተን ደገፉ። ባይደንም ደገፉ። ያኔ በተወካዮች ምክር ቤት የነበሩት በርኒ ሳንደርስ ተቃወሙ። ኦባማ በ2008 ፕራይመሪ ክሊንተንን አጥብቀው የተቹበት አንዱ ነገር ይሄው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ የማየው፣ ስለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ሲጠየቁ በግልጽ ይመልሳሉ ወይስ ያድበሰብሳሉ የሚለውን ነው። ደግሞ ኮንግረስ ካላጸደቀው የማይሆንን ነገር «በገባሁ ማግስት አደርገዋለሁ» የሚል እጩ እኔ ጋ ነጥብ ይቀነስበታል።

«ብር ያለው ይወስደዋል»

ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ከገዛ ኪሳቸው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሱ። አንደኛ የወጡት አሜሪካን ሳሞአ በምትባል ትንሽ የፓሲፊክ ደሴት ግዛት ላይ ብቻ ነው።

«አይዋ ላይ የተሸነፈ አበቃለት»

በዚያው ዓመት ባይደን ቀድመው በመረጡት ሁለት ስቴቶች፣ አይዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጡ። ከዚያ ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ብዙ ስቴቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት በሱፐር ቱስደይ፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ ከ14 ስቴቶች 10ሩን ወሰዱ። በመሃል ተፎካካሪዎቻቸው ፒት ቡቲጀጅና ኤሚ ክሎቡቻር ራሳቸውን አገለሉ፤ ለእነሱ ቀድሞ ድምፅ የሰጠ ሰው ድምፁ ሜዳ ላይ ለሌለ እጩ ሆነ። ለዚህ ነው ኖቬምበር ላይ ቀደም ብዬ ብመርጥም፣ ፕራይመሪ ሲሆን ግን እስከ ዕለቱ የምጠብቀው።