«ፑር» ሁልጊዜ «ድሃ» ማለት አይደለም

ደሴ ላይ እንግሊዝኛ የማስጠናቸው ተማሪዎች «ፑር» የሚለውን ቃል ባዩ ቁጥር «ድሃ» ብለው ያልፋሉ። ይህ ፍቺ የሚሠራው ግን ቃሉ ሀብት ስላጣ ሰው ወይም አገር ሲነገር ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ዓይን እይታ ወይም ስለ ትምህርት ውጤት ሲነገር «ደካማ»፣ ስለ ዕቃ ሲሆን «ጥራት የጎደለው»፣ ስለ መሬት ሲሆን ደግሞ «ለምነት ያጣ» ማለት ነው። አንዲት ተማሪዬ «ፑር በልግ ሬይንስ» የሚለውን «የድሆች የበልግ ዝናብ» ብላ ስትተረጉመው፣ የወሎ ገበሬ በጭንቀት የሚያውቀው ያነሰና የተቆራረጠ ዝናብ ከዓረፍተ ነገሩ ጠፋ።

ይበልጥ የሚያሳስተው የሐዘኔታው ፍቺ ነው። «ፑር ገርል» የተባለችው የባለጸጋ ልጅ ልትሆን ትችላለች፤ ተናጋሪው «አይ ምስኪን!» ማለቱ ነውና። እንዲያውም «ምስኪን» የሚለው ቃላችን ድህነትንም አሳዛኝነትንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ከ«ድሃ» ይልቅ ለ«ፑር» የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። «ፑር» ለሐዘኔታ ሲሆን ከስሙ በፊት ይገባል፤ «ሺ ኢዝ ፑር» ከተባለ ግን ገንዘብ የላትም ማለት ነው። «ዘ ፑር» ሲባል ድሆችን በጅምላ ስለሚያመለክት፣ ተከታዩ ግስ «ኢዝ» ሳይሆን «አር» ይሆናል።