ሄቪ ሜታል ያለበትን የእርሻ አፈር በሰብል ማጽዳት

ማቅለጫ ወይም ፋብሪካ አጠገብ ያለ እርሻ ላይ ሄቪ ሜታል ማለትም ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ዚንክ ምናምን የሚባሉ ሲበዙ የሚመርዙ ብረቶች ከተጠራቀሙ ዋናው ችግር ብረት አለመበስበሱ ነው፣ ነዳጅ ቢሆን የአፈር ባክቴሪያ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ብረት ግን ካላወጡት እዛው ነው። አፈሩን ገፎ መውሰድ ደግሞ ውድ ነው፣ ለሙ የላይኛው አፈርም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ተክል ይዘራል፣ በሥሩ ይመጠዋል፣ ታጭዶ ከማሳው ይወጣል።

ብረት በጣም የሚሰበስቡ የዱር ተክሎች አሉ ግን አብዛኞቹ ደቃቃ ናቸው፣ በማሽን ለማጨድም አይመቹም። አካባቢውን የለመደ ሰብል ማለትም ሱፍ፣ ሰናፍጭ፣ ጎመንዘር፣ በቆሎ፣ ማሽላ የሚመረጠው ለዚህ ነው፣ በኪሎ ሲታይ የሚይዘው ብረት ትንሽ ቢሆንም ከሄክታር ብዙ ቶን ይታጨዳል፣ ዘሩ አለ፣ ገበሬውም አያያዙን ያውቀዋል። የአንድ ሰብል ዝርያዎች ራሱ በመምጠጥ በጣም ስለሚለያዩ መጀመሪያ እዛው አፈር ላይ መሞከር የግድ ነው።

ፍጥነቱ ላይ ግን ብዙ ይጋነናል። እስቲ እናስላው፣ የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳ.ሜ. አፈር ወደ 2,600 ቶን ይመዝናል፣ በኪሎ 5 ሚ.ግ. ካድሚየም ካለው በጠቅላላ 13 ኪሎ ነው። 15 ቶን ደረቅ ምርት በኪሎ 10 ሚ.ግ. ቢይዝ በአንድ ምርት የሚወጣው 150 ግራም ብቻ ነው፣ ወደ 2 ሚ.ግ. ለማውረድ ከ50 ምርት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። እርሳስማ ከአፈሩ ጋር ስለሚጣበቅ ጭራሽ ይብሳል፣ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ጨምሮ ማላቀቅ ይቻላል ግን የተላቀቀው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊወርድ ስለሚችል ለኔ አያዋጣም።

አሲዳማነቱም ወሳኝ ነው። ካድሚየምና ዚንክ አሲዳማ አፈር ላይ በቀላሉ ወደ ተክሉ ይገባሉ፣ ኖራ ሲጨመር ይታሰራሉ፣ ስለዚህ ለምግብ የሚያርስ ኖራ ይጨምራል፣ ለማጽዳት የሚያርስ ግን ኖራውን ይተወዋል፣ ሁለቱ በአንድ ማሳ አይሄዱም።

ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ ዳር ከማዕድን ማውጫ የመጣ ካድሚየም ሩዙ ውስጥ ገብቶ ኢታይ ኢታይ የሚባለውን የአጥንትና የኩላሊት በሽታ አምጥቷል፣ እዛው አገር በኋላ ካድሚየም በብዛት የሚመጥ ሩዝ ለማጽጃ ተሞክሯል፣ ውሃውን ከማሳው አፍስሰው ነው ሚያበቅሉት ምክንያቱም አፈሩ ውሃ ከተኛበት ካድሚየሙ ይታሰራል። ቤልጅየም ካምፒን የሚባለው አካባቢ ደግሞ በድሮ የዚንክ ማቅለጫዎች በተበከለ መሬት ላይ በቆሎ ለባዮጋዝ እንዲውል ተጠንቷል፣ ገበሬው ሳይከስር መሬቱ ይሰራል።

የታጨደው ግን ለከብት አይሰጥም፣ ኮምፖስትም አይሆንም። ከተቃጠለ ካድሚየሙ ከጭሱ ጋር ስለሚወጣ ማጣሪያ ያለው ምድጃ ይፈልጋል፣ አመዱም እንደ አደገኛ ቆሻሻ ነው ሚያዘው።