«ስልኩ ነው የጨረሰህ»፦ ስለ ቁመና፣ ስለ ቲክቶክና ስለ ጌም ያልተጣሩ ወሬዎች

ደብረ ብርሃን፣ እሁድ ከሰዓት፣ እህቴ ቤት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የ14 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩ ላይ ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም ይጫወታል። በሩ ተከፈተና ከመንዝ የመጣች አክስታችን ገባች። ልጁን አገላብጣ ሳመችው። ገና ሳትቀመጥ፣ «ውይ ልጄ! ምነው እንዲህ ከሳህ? አጥንትህ ወጣ እኮ!» አለችው። ከዚያ እጁን አየች። «ይሄ ስልክ ነው የጨረሰህ።»

ልጁ ምንም አልመለሰም። ጋቢውን ወደ ላይ ሳብ አደረገው።

ያቺ ግማሽ ደቂቃ ከአእምሮዬ አልወጣችም። በአፏ ወጋችው፣ ጥፋቱን ግን ስልኩ ላይ ለከከችው። በእሷ አልፈርድም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ስለ ስልክና ስለ ጌም የምናወራው ግማሹ ያልተጣራ ነው፤ የባሰው ደግሞ የሌለውን ጣጣ ስንፈራ ያለውን ሳናየው ማለፋችን ነው። የዚያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ቡና ላይ የሰማኋቸውን እስቲ ላንሳ።

«የቁመና ጭንቀት የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ ጋ የለም»

ፊጂ የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር አለች። እዚያም እንደኛ ነበር። ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የጥጋብ ምልክት ነው፤ ሰው ሲከሳ ዘመዱ ይጨነቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 (የውጭውን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ወደ አንዱ አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የምትባል የሐርቫርድ ተመራማሪ ያኔ አንዴ፣ ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ልጃገረድ ተማሪዎችን ጠየቀች። መጀመሪያ ላይ ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ግን 11 ከመቶ ያህሉ «እናደርገዋለን» አሉ። ያውም ቲክቶክ የለ፣ ኢንስታግራም የለ፣ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ብቻ።

ወደኛ እንምጣ። እኛ ጋ ሰላምታው ራሱ ሚዛን ነው። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ምርቃት ነው። «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» ደግሞ አዘኔታ። ማንም በክፋት አይለውም። ግን የዛሬ ልጅ የቆመው ሁለት ሚዛን ላይ ነው። አያቷ «ብዪ እንጂ፣ ሰው ምሰዪ» ትላታለች፤ ስልኩ «ወገብሽ ይጥበብ፣ ዳሌሽ ይስፋ፣ ፊትሽ ይቅላ» ይላታል። ይሄን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሟላ ሰው ገና አልተወለደም።

«ክሬም እኮ ነው፣ ኪኒን እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ይሄን ባጭሩ። ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለባቸውም አሉ፤ ቆዳ ያሳሳሉ። ለመወፈር ብለው ሰዎች ከሚውጧቸው ኪኒኖች አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ፊት ያሳብጣል፣ እኛ ደግሞ እብጠቱን አይተን «አማረብሽ» እንላለን። ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ወስዶ ባንዴ ማቆምም ራሱ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ የጀመረ ሰው ሐኪም ጋ ሄዶ ነው የሚያቆመው።

«የሴት ነገር ነው፤ ወንድ ልጅ ምን ቸገረው»

በዚህኛው እኔም ተሸውጃለሁ። የእህቴ ልጅ ጃኬቱን አያወልቅም። ደብረ ብርሃን ነዋ! 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ጃኬት የለበሰን ልጅ ማን ልብ ይለዋል? ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ወረድን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን፣ እኔ ሹራቤን አወለቅኩ። ሮቢት ስንገባ መኪናው ውስጥ ያላላበው ሰው አልነበረም። እሱ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ። ማታ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ክንዴ እኮ ክብሪት ነው የሚመስለው» አለኝ።

ከዚያ ጌሙን ከፍቶ ካራክተሩን፣ ጌም ውስጥ እሱን ሆኖ የሚጫወተውን ሰው፣ አሳየኝ። ትከሻው የበር ያክላል።

አሜሪካኖቹ ጂ.አይ. ጆ የሚሉት የወታደር አሻንጉሊት አላቸው። ሃሪሰን ፖፕ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለካውና ውጤቱን በ1999 አሳተመ። አሻንጉሊቱ የሰው ቁመት ቢኖረው፣ የ1964ቱ የክንዱ ዙሪያ 31 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የ1990ዎቹ መጨረሻው ግን 68 ገደማ። 68 እኮ የወገብ ልክ ነው! አሁን ልጆቹ ጌም ውስጥ የሚያገኙት የዚያን አሻንጉሊት ታናሽ ወንድም ነው። «ጡንቻዬ አነሰ» የሚለው ጭንቀት ኑሮን እስኪያናጋ ሲደርስ ደግሞ ሕመም ነው፤ የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ2013 ባወጡት መመሪያ ውስጥም ሰፍሯል።

ለነገሩ ያው ካራክተር ሌላም ሥራ አለው። በ2007 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን ሰዎችን ረጅም ወይም አጭር ካራክተር እየሰጡ አደራደሯቸው። ረጅሙ የደረሳቸው ጠንከር ብለው ተደራደሩ። የኛ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም። ማይክ ከፍቶ «ወደ ግራ! ሽፋን ስጠኝ!» ሲል ግን ብትሰሙት የሻለቃ ጦር አዛዥ ነው የሚመስላችሁ።

«ካሜራ አይዋሽም»

ይዋሻል፣ ያውም ያለ ፊልተር። ስልኩን ከፊትህ 30 ሴንቲሜትር ላይ ይዘህ ስትነሳ፣ አፍንጫህ ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ከምትነሳው 30 ከመቶ ያህል ሰፍቶ ይወጣል። አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው ስለሚቀርብ ነው፤ የቀረበ ነገር ይገዝፋል። ይሄ በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት ነው፤ ሰልፊ እያሳዩ «አፍንጫዬን አስተካክሉልኝ» የሚሉ ሰዎች ቢያስቸግሯቸው ነው ስሌት ውስጥ የገቡት።

ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ነገርኳት። ስልኩን ድንጋይ አጥር ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ በታይመር ተነሳች። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ነኝ?» አለች። ኖርዌይ በ2021 ሰውነት የተነካካበት የማስታወቂያ ፎቶ ምልክት ይደረግበት የሚል ሕግ አጽድቃለች። የኛ እስኪመጣ ሁለት እርምጃ ራቅ ነው።

«ጌም የሚጫወት ልጅ ሰው የለውም»

መናኸሪያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ የአንዱ ጆይስቲክ አንድ ቁልፍ አይሠራም። አግዳሚው ላይ ብርዱን በጋቢና በኮፍያ ተከላክለው ስምንት ዘጠኝ ልጆች ተደርድረዋል። የሚጫወቱት አራት ናቸው፤ የቀሩት አሠልጣኝ፣ ዳኛና ኮሜንታተር። ተሸናፊ ይከፍላል። የተበላሸው ጆይስቲክ የደረሰው ግን አንድ ጎል በነጻ ይታሰብለታል። ይሄን ሕግ ያወጣላቸው ሰው የለም፣ ራሳቸው ተጣልተው ታርቀው ያወጡት ነው። የአንዱ እናት ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ከጌም ገንዘባቸው ሲያዋጡም አይቻለሁ። ይሄ ብቸኝነት ከሆነ ዕድርም ብቸኝነት ነው።

«እሱስ እሺ፣ ኦንላይኑስ?» ትሉኝ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ተዘጋ፣ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። «ይሻላል፣ ልጆቹ ወደ ሰው ይመለሳሉ» ያሉ ነበሩ። የእህቴ ልጅ ግን ቤተሰቡ ሐዋሳ ከሄደበት ጓደኛው ጋር ተቆራረጠ። ሁለቱ የሚገናኙት ጌም ውስጥ ነበር። ደውለው «ደህና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» የሚባባሉ ዓይነት ልጆች አይደሉም። ተኩሱ መሀል ላይ ነው፣ ያውም ሳይተያዩ፣ «አባትህ ተሻለው?» የሚባባሉት። ወንዶች ድሮስ እንደዚሁ አይደለን?

ማትስ ስቴን የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። ጡንቻ እያመነመነ የሚሄድ የዘር በሽታ ስለነበረበት በዊልቸር ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባል የኦንላይን ጌም ሲጫወት ነበር። ወላጆቹ ልጃችን ጓደኛ ሳያውቅ አለፈ ብለው ነበር የሚያዝኑት። በ2014፣ በ25 ዓመቱ ሲሞት አባቱ መርዶውን የልጁ ብሎግ ላይ ጻፈ። ከዚያ ኢሜይሉ ጎረፈ። አንዷን ከጭንቀቷ ያወጣት እሱ ነበር፣ ሌላዋን ከልጇ ጋር ያግባባት እሱ ነበር። በአካል አይተውት የማያውቁ የጌም ጓደኞቹ ከሌላ አገር ሳይቀር ለቀብሩ መጡ።

ጌም የጽዋ ማኅበር ነው እያልኩ አይደለም። የእህቴ ልጅ ታላቅ እህትም ትጫወታለች፣ ግን ማይክ አትከፍትም። ሴት መሆኗ ከታወቀ ወይ ስድብ ነው ወይ «ቁጥርሽን»። በወንድ ስም ነው የምትገባው። ወንድሟ ጓደኛ የሚያገኝበት ቦታ ለእሷ ድምፅዋን የምትደብቅበት ነው። ይሄን ቡና ላይ ሲያወራ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

«ተኩስ ስለሚያይ ጠበኛ ይሆናል»

የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ከ1,000 በላይ የእንግሊዝ ታዳጊዎችን አዩ። ጠባያቸውን የጠየቁት ልጆቹን ሳይሆን ወላጆቻቸውን ነው፣ እንዳያዳሉ። የተኩስ ጌም መጫወትን ከጠበኝነት ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኙም። በመሸነፉ ጆይስቲክ የሚወረውርስ? አለ። ጆተኒ ላይም ነበረ፣ ካርታ ላይም ነበረ።

«ሌሊቱን ሙሉ ከተጫወተ ሱሰኛ ሆኗል ማለት ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ2019 በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፣ ከ2022 ጀምሮም ይሠራበታል። የሚቆጥረው ግን ሰዓት አይደለም። ልጁ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይሄም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው።

ሌሊቱን የሚጫወቱት ብዙዎቹ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳላ! የእንቅልፉ ጉዳት እውነት ነው፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ይደፋሉ። ግን ልጁ ሱሰኛ ሆኖ ሳይሆን ብር ቆጥቦ ሊሆን ይችላል።

እኔን ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ከእናቱ ስልክ ብር ልኮ ዳይመንድ ገዛ፤ የካራክተሩ ልብስ የሚገዛበት የጌም ገንዘብ ማለት ነው። እህቴ ጮኸች፣ ልክ ናት። ልጁ የራሱ ጃኬት እጅጌው አልቋል። ካራክተሩ ግን ከእግር እስከ ራሱ አዲስ ለብሷል። «እዚያ ሲያዩኝ ያምርብኛል» ነው ያለው። «ያምርበታል» አይደለም፣ «ያምርብኛል»።

«መፍትሔው መንጠቅ ነው»

ቻይና ሞክራለች። በ2019 ከ18 ዓመት በታች ያሉት በሥራ ቀን ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይጫወቱ ከለከለች። በኋላ ተመራማሪዎች ከ7 ቢሊዮን ሰዓት በላይ የጨዋታ መረጃ ሲመረምሩ፣ አብዝቶ መጫወት በክልከላው ምክንያት ስለመቀነሱ ማስረጃ አላገኙም። በ2021 ወደ ሳምንት 3 ሰዓት አጠበቀችው። መንግሥት ያቃተውን እህቴ በቁም ሳጥን ቁልፍ ልትችለው ነው?

ስልኩ ግን ንጹሕ አይደለም። በ2021 አፈትልኮ የወጣው የፌስቡክ የውስጥ ጥናት፣ ስለ ሰውነታቸው ሲከፋቸው ኢንስታግራም እንዳባሰባቸው የተናገሩ ታዳጊ ሴቶች 32 ከመቶ እንደነበሩ ያሳያል። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጭንቀትና ድባቴ የነበረባቸው 220 ወጣቶች ተመርጠው፣ ግማሽ ያህሉ ማኅበራዊ ሚዲያን ለ3 ሳምንት በቀን 1 ሰዓት ብቻ ተጠቀሙ። ካልቀነሱት ይልቅ ስለ መልካቸውና ስለ ክብደታቸው የተሻለ ስሜት ተሰማቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የቀነሱት ጌም አይደለም። ሰው እያየ ራሱን የሚለካበትን ነው።

እኔም ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ቲክቶኩን ከፈትን። ደረቱን ገልጦ የሚታይ ሰው በመጣ ቁጥር «አልፈልግም» የሚለውን እንጫናለን። 20 ደቂቃ ፈጀብን። መጀመሪያ ላይ አልቆም ብሎን ነበር፣ ከዚያ በግና ኳስ ማምጣት ጀመረ። ጌሙን አልነካነውም።

የቀረው አፋችን ነበር። ለፋሲካ አክስታችን ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ቦርሳዋን ተቀበልኳትና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ስለ ክሳቱ እንዳታነሺበት» አልኳት።

ቆመች። የምር ግራ ገብቷት አየችኝ። «እንዴ! ታዲያ ምን ብዬ ሰላም ልበለው?»