ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን አስተፃምሮ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?

የችግኝ ተከላ ወቅት በደረሰ ቁጥር «ዛፍ የተቃጠለ አየር ወስዶ ወደ ኦክስጅን ይለውጥልናል» የሚለው አነጋገር ይደጋገማል፤ ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በሙሉ ልብ ሲያስረዱ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ኦክስጅን አይለወጥም። ቅጠል የሚያወጣው ኦክስጅን የሚገኘው ከውኃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ሳሙኤል ሩበን፣ ማርቲን ካመንና ባልደረቦቻቸው ኦክስጅን 18 የተባለው ከባድ ኦክስጅን ያለበትን ውኃ ክሎሬላ ለተባለው አልጌ ሰጥተው፣ ያንኑ ከባድ ኦክስጅን በሚወጣው ጋዝ ውስጥ አግኝተውታል።

«ያኛው ገባ፣ ይህኛው ወጣ፤ ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» የሚሉኝ አሉ። በአቃቂ ወይም በሰንዳፋ በኩል የጤፍ ውቂያ ያየ ሰው ለውጡን በቀላሉ ይረዳዋል። በሬዎች ነዶውን እንደሚያበራዩት ሁሉ ብርሃን ውኃውን ይወቃዋል፤ ፍሬው ሃይድሮጅኑ፣ ገለባው ኦክስጅኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውድማው ላይ ፈጽሞ አይደርስም፤ የሚገባው ፍሬው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ስኳር በሚሠራበት ጓዳ ነው። እዚያም ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ይቀበለዋል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ኦክስጅን ግማሹ ስኳሩ ውስጥ ይቀራል፣ ግማሹም ውኃ ይሆናል። የጓዳው ሥራ በቀጥታ ብርሃን ባይጠቀምም፣ ውቂያው ሲቆም ፍሬ ስለሚያልቅበት አብሮ ይቆማል፤ በመሆኑም ይህ ክፍል ሌሊት ይከናወናል ተብሎ ለተማሪ መነገሩ ስሕተት ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥራ እንግዲህ የተክሉ አካል መሆን ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት የወረደ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ይህ ሁሉ የተለቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ያህል ብቻ ከሆነበት አየር ነው። ከአፈር የመጣው አብዛኛው ማዕድን ግንዱ ነዶ ሲያልቅ ምድጃው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት አመድ ነው።

ጋዙ ሲጨምር ሰብል ሁሉ እኩል ይጠቀማል ማለትም አይቻልም። ጤፍና በቆሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድመው አከማችተው ለሩቢስኮ ስለሚያቀርቡ፣ ጭማሪው እንደ ስንዴና ገብስ አያፋጥናቸውም፤ ሆኖም የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ጠበብ አድርገው ውኃ እንዲቆጥቡ ያግዛቸዋል።

የተተከለውን ዛፍ በሚያወጣው ኦክስጅን መመዘን የማያስኬደውም ለዚህ ነው፤ እንጨቱ ሲነድ ወይም ሲበሰብስ፣ ሲሠራ የተለቀቀውን ያህል ኦክስጅን መልሶ ይወስዳል፣ ካርቦኑም ወደ አየር ይመለሳል። ሊለካ የሚገባው በቆመው ግንድና በአፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦን፣ እንዲሁም እዚያ የሚቆይበት ዘመን ነው።